ማንኪያው ለምን ይወድቃል? ከጨቅላ ሕፃናት ጋር የመጫወት ሳይንስ

አንድ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሕፃን ማንኪያ ሲሰጡት ምን እንደሚያደርግ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ይጥለዋል። አንስተው ሲሰጡት መልሶ ይጥለዋል። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ጊዜ የአንሺው ትዕግሥት ያልቅና ማንኪያው ሕፃኑ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል፤ ልቅሶም ይከተላል። በቤቱ ያሉ ሰዎች «ረባሽ ሆነ» ይሉታል። የሙከራ ዘዴን የተማረ ሰው ግን ነገሩን በሌላ ዐይን ሊመለከተው ይችላል፦ ዕቃው አንድ ነው፣ ከፍታው አንድ ነው፣ ሙከራውም ይደገማል።

ይህ ለማስፈገግ ያህል ብቻ የተባለ አይደለም። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤሚ ስታል እና ሊሳ ፋይገንሰን እ.ኤ.አ. በ2015 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አሳትመዋል። ተመራማሪዎቹ የ11 ወር ዕድሜ ላላቸው ሕፃናት ሊሆን የማይችል ነገር አሳዩዋቸው። ለአንዳንዶቹ መጫወቻው መኪና ግድግዳ ሰንጥቆ ያለፈ መስሎ ታያቸው፤ ለሌሎቹ ደግሞ ከመደርደሪያ ጫፍ ካለፈ በኋላ ሳይወድቅ በአየር ላይ የቆመ መስሎ ታያቸው። ከዚያም መኪናው ለሕፃናቱ ተሰጠ። ግድግዳ ሲያልፍ ያዩት ሕፃናት መኪናውን ከጠረጴዛው ጋር ማጋጨት ያዙ። በአየር ላይ ሲቆም ያዩት ግን ይጥሉት ጀመር። አንዱ ጠጣርነቱን፣ ሌላው ክብደቱን የሚፈትሽ ይመስል፣ እያንዳንዱ የመረጠው ድርጊት ካየው እንቆቅልሽ ጋር የሚገጥም ነበር። የተለመደውን ነገር ብቻ ያዩት ሕፃናት እንዲህ ያለ ልዩነት አላሳዩም።

እንግዲህ ጥያቄው ሕፃኑ ማንኪያውን ለምን ይጥላል የሚለው ብቻ አይደለም። ማንኪያውን የሚያነሳው ሰው ምን ሥራ እየሠራ ነው የሚለውም ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህኛው ላይ ነው። ለሁለተኛ ደረጃና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማቅረባችንም ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ብዙ ቤቶች ውስጥ እናት ወደ ገበያ ወይም ወደ ሥራ ስትሄድ ሕፃኑን የሚያዝለው ታላቅ እህት ወይም ወንድም ነው። ከአንባቢዎቻችን መካከል በዚህ ሳምንት ታናሽ ወንድሙን ወይም የእህቱን ልጅ ያላቀፈ ብዙ አይገኝም።

የኳስ ቅብብል

የሰው አንጎል በሁለት ዓመት ዕድሜ መጠኑ ከአዋቂ አንጎል 80 በመቶ ያህል ይደርሳል። ይህ እጅግ ፈጣን ዕድገት ነው፤ ቁመት እንኳ በዚያ ዕድሜ ገና ግማሽ ገደማ ላይ ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ዕድገት ማዕከል ግምት መሠረት፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት በየሰከንዱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳዲስ የነርቭ ግንኙነቶች ይፈጠራሉ። አንጎል ግን የፈጠረውን ሁሉ አያቆይም። ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ የዋሉት መስመሮች ይጠነክራሉ፤ ያልተሠራባቸው ይመነምናሉ፤ ከጊዜ በኋላም ይወገዳሉ። ሰው የማይመላለስበት የእግር መንገድ ሣር እንደሚበቅልበት ማለት ነው።

እነዚህን መስመሮች ሥራ ላይ የሚያውላቸው ምንድን ነው? ሕፃኑ ድምፅ ያወጣል፣ ይጠቁማል፣ ይስቃል፤ አዋቂው ይመልስለታል፤ ሕፃኑ ደግሞ ለዚያ መልስ ይሰጣል። ነገሩ ኳስ እንደ መቀባበል ነው። ኳሱን ያቀበለ ሰው መልሶ ካልተቀበለ ጨዋታው ይቆማል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ ይህንን ቅብብል ሆን ብሎ አቋርጦ ተመልክቷል። እናት ከሕፃኗ ጋር እየተጫወተች ሳለ ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን እንደ ድንጋይ አጽንታ እንድትቀመጥ ይደረጋል። አትቆጣም፣ አትሄድም፤ መልስ አለመስጠት ብቻ ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያ ፈገግ ይላል፤ እጁን ይዘረጋል፤ ድምፅ ያሰማል። መልስ ሲያጣ ፊቱን ያዞራል፣ ይጨነቃል፣ ያለቅሳል። እናት ወደ ጨዋታው ስትመለስ ይጽናናል፤ ቅያሜው ግን ወዲያው አይለቀውም። ስልኩን እያየ ሕፃን የሚይዝ ሰው ያንኑ ሙከራ ሳያውቀው ይደግመዋል ለማለት እንደፍራለን።

ቅብብሉ ለቋንቋም ወሳኝ መሆኑን ያሳየችው ፓትሪሻ ኩል ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው ጥናቷ የዘጠኝ ወር ዕድሜ ያላቸው አሜሪካውያን ሕፃናት የማንዳሪን ቻይንኛ ተናጋሪዎች ለ12 ጊዜ እያንዳንዱ 25 ደቂቃ ያህል አጫወቷቸው፤ አነበቡላቸውም። ሕፃናቱ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ የሌሉትን የቻይንኛ ድምፆች መለየት ቻሉ። ሌሎች ሕፃናት ደግሞ ያንኑ ያህል ጊዜ ተናጋሪዎቹን በቪዲዮ ብቻ አዩ፤ ወይም ድምፃቸውን ብቻ ሰሙ። እነዚህኞቹ ምንም አልተማሩም። ሰዎቹና ቃላቱ ያው ነበሩ። የጎደለው ለሕፃኑ ዐይንና እጅ መልስ የሚሰጥ ሰው ነው።

ከኪንግስተን መንደሮች

እስከዚህ ያየነው የላቦራቶሪ ነገር ነው። ጨዋታ በድህነት ውስጥ በሚያድግ ልጅ ሕይወት ላይ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በግልጽ ያሳየው ጥናት ግን ከጃማይካ ዋና ከተማ ከኪንግስተን ድሃ መንደሮች የመጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 እና 1987 ሳሊ ግራንተም-ማክግሬገር እና ባልደረቦቿ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆኑ 129 የቀነጨሩ ሕፃናትን መረጡ። መቀንጨር ማለት በረጅም ጊዜ የምግብ እጥረት ሳቢያ ቁመት ለዕድሜ ከሚገባው በታች መሆን ነው። ሕፃናቱ በዕጣ በአራት ቡድን ተከፈሉ። የመጀመሪያው ቡድን በየሳምንቱ አንድ ኪሎ ግራም የወተት ዱቄት አገኘ። ሁለተኛው ምግብ አላገኘም፤ በምትኩ አንዲት የጤና ሠራተኛ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ወደ ቤቱ እየመጣች እናቲቱን ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወት ታሳያት ነበር። ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ። አራተኛው ማነጻጸሪያ ነበር። ሥራው ሁለት ዓመት ቆየ። መጫወቻዎቹ ከፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ከካርቶንና ከመሰል ውዳቂ ነገሮች በእጅ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ሠራተኛዋ ቤቱ ትታቸው እየሄደች በሌላ ጊዜ በአዲስ ትቀይራቸው ነበር።

ሁለቱ ዓመታት ሲያልቁ ወተቱም ጨዋታውም የሕፃናቱን የአእምሮ ዕድገት አሻሽለው ተገኙ፤ ሁለቱን በአንድነት ያገኙት ደግሞ ከሁሉ በለጡ። አስገራሚው ነገር ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ልጆቹ እያደጉ ሲሄዱ ወተቱ ያስገኘው ብልጫ ደበዘዘ፤ የጨዋታው ግን ጸና። በ22 ዓመታቸው ሲፈለጉ፣ በጨቅላነታቸው ጨዋታ ያገኙት ከማነጻጸሪያው ቡድን በአማካይ 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው፤ ካልቀነጨሩት የመንደራቸው ልጆች ጋርም ተስተካክለዋል። በ31 ዓመታቸው ልዩነቱ 37 በመቶ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 129 ሕፃናት ጥቂት ናቸው፤ የተገኘው ቁጥር በሌላ አገር እንዳለ ይደገማል ማለት አይቻልም። በኮሎምቢያ ይኸው ዘዴ በ1,420 ሕፃናት ላይ ለ18 ወራት በተሞከረ ጊዜ በሥራው ማብቂያ ላይ የአእምሮና የቋንቋ መሻሻል ታይቶ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲለካ ግን ልዩነቱ አልተገኘም። ስለዚህ ጨዋታ እንደ ክትባት አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚበቃ ነገር አይመስልም። ምግብን ይተካል ብሎ የሚያስብ ካለም ጥናቱን በትክክል አላነበበም። በኪንግስተን ከሁሉ የበለጠውን ውጤት ያገኙት ሁለቱንም የተሰጡት መሆናቸው ልብ ይሏል።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በከፍተኛ የምግብ እጥረት ታመው በተኙ ከ300 በላይ ሕፃናት ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናትም፣ ከተለመደው ሕክምና ጋር ቤተሰብ የሚሳተፍበት ጨዋታ መጨመሩ በተለይ የእንቅስቃሴ ክህሎታቸውን እንዳሻሻለ አሳይቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ ፕኒና ክላይን እና ሄኒንግ ሪዬ በአዲስ አበባ ድሃ ሰፈር ከሚኖሩ እናቶች ጋር ሠርተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋል። የእነርሱ ሥራ መጫወቻ ማደል አልነበረም። እናቲቱ ልጇ የሚያየውን ነገር አብራ እንድታይ፣ ስሙን እንድትጠራለት፣ ሲሳካለት እንድታደንቀው የሚያበረታታ ነበር።

ውድ መጫወቻ የሚሸፍነው ነገር

«መጫወቻ የምንገዛበት ገንዘብ የለንም» የሚለው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይሁን እንጂ በባትሪ የሚሠራው መጫወቻ ባለመገዛቱ የቀረ ነገር ቢኖር ጥቂት ነው። አና ሶሳ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመችው ጥናት ከ10 እስከ 16 ወር ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት ከወላጆቻቸው ጋር በሦስት ዓይነት ዕቃ ሲጫወቱ ድምፃቸው ተቀርጿል፦ መብራትና ድምፅ ባለው የኤሌክትሮኒክስ መጫወቻ፣ በተለመደ የእንጨትና የመሳሰለው መጫወቻ፣ እንዲሁም በሥዕል መጽሐፍ። ወላጆች ጥቂት ቃላት የተናገሩት፣ ቅብብሉም አነስተኛ የሆነው በኤሌክትሮኒክሱ ነው። ዕቃው ራሱ ስለሚናገር ሰዎቹ ዝም ይላሉ። ከፍተኛ ንግግር የተገኘው ከመጽሐፉ ነበር። የመጫወቻ ብዛትም ቢሆን አይጠቅምም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት 4 መጫወቻ የቀረበላቸው ሕፃናት 16 ከቀረበላቸው ይልቅ በእያንዳንዱ ላይ ረጅም ጊዜና በልዩ ልዩ መንገድ እንደሚጫወቱ አሳይቷል።

ስክሪንን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ አጭር ነው። አንድ ዓመት ላልሞላው ምንም፤ ለአንድ ዓመት ልጅም አይመከርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ቢበዛ በቀን አንድ ሰዓት፣ ሲያንስ ይሻላል።

በእጅ ባለው ነገር

ከሁሉ የሚቀድመው መጫወቻ ነጠላ ነው። ፊትን በነጠላ ሸፍኖ ድንገት መግለጥ በብዙ አገር የሚታወቅ ጨዋታ ሲሆን፣ ከኋላው ትልቅ ጥያቄ አለው፦ የማይታይ ነገር አለ ወይስ የለም? ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ (1896–1980) የራሱን ሦስት ልጆች እየተከታተለ እንደጻፈው፣ ሕፃናት የተደበቀን ዕቃ ገልጠው መፈለግ የሚጀምሩት በስምንት ወር ገደማ ነው። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች፣ በተለይም ሬኔ ባያርዦን፣ ዕውቀቱ ከእጅ ቀድሞ በዐይን እንደሚታይና የአምስት ወር ሕፃናት እንኳ የተሸፈነ ነገር መኖሩን እንደሚጠብቁ አሳይተዋል። ክርክሩ እስከ አሁን አልተዘጋም።

አንባቢ ይህንን በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። የዘጠኝ ወይም የአሥር ወር ሕፃን ፊት ለፊት ሁለት ጨርቅ ጎን ለጎን ያንጥፉ። ሕፃኑ የሚወደውን ዕቃ፣ እያየ፣ በቀኙ ጨርቅ ሥር ይደብቁና ያግኘው። ሦስት አራት ጊዜ ይድገሙት። ከዚያ አሁንም እያየ በግራው ጨርቅ ሥር ይደብቁት፤ ጥቂት ሰከንድም ያቆዩት። ብዙዎቹ ሕፃናት በዐይናቸው ያዩትን ትተው ወደ ቀኙ ይዘረጋሉ። ይህ ፒያዤ ያስተዋለው ዝነኛ ስሕተት ነው። በአንድ ዓመት ገደማ ይጠፋል። ሕፃኑ ሲሳሳት መሳቅ ይቻላል፤ እርሱም አብሮ ይስቃል። በየሳምንቱ እየሞከሩ ቀኑን በደብተር መመዝገብ ደግሞ ለባዮሎጂ ተማሪ መልካም ልምምድ ነው።

መክተትና መገልበጥ ሌላው ደስታ ነው። ባዶ የወተት ቆርቆሮ ጠርዙ እንዳይቆርጥ ተደርጎ፣ ጥቂት የልብስ መቆንጠጫ ወይም ትልልቅ ክዳን ከተሰጠው ሕፃኑ ለረጅም ጊዜ ሲያስገባና ሲያወጣ ይቆያል። ባዶ የውኃ ላስቲክ ውስጥ ጥቂት በቆሎ ጨምሮ ክዳኑን አጥብቆ ማሰር ጥሩ ሻኩራ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍ፦ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ ቆርኪ፣ ሳንቲምና መሰል ትንንሽ ነገሮች በሕፃኑ አፍ የሚገቡ ከሆነ ለእጁ አይሰጡም፤ ትንፋሽ ይዘጋሉና። ላስቲኩም የተሰነጠቀ እንዳይሆን በየጊዜው ይታይ። በውኃ መጫወት እጅግ ያስደስታል። ሆኖም ሕፃን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃ ሊሰጥም ስለሚችል ከባልዲና ከሳፋ አጠገብ ለአፍታም ብቻውን አይተውም።

ካርቶኖችን መደራረብ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ የሚመጣ ጥበብ ነው። ዲሚትሪ ክሪስታኪስ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ መደራረቢያ ኩብ በቤታቸው የተሰጣቸው ሕፃናት ከወራት በኋላ በቋንቋ መለኪያ ብልጫ አሳይተዋል። እንጨት ቃል አያስተምርም፤ ነገር ግን ግንቡ ሲሠራና ሲፈርስ «ላይ»፣ «ታች»፣ «አንድ ጨምር»፣ «ወደቀ!» የሚል ሰው አጠገቡ ይኖራል። የሳሙና ካርቶንም ለዚህ ይበቃል።

እንጀራ በሚጋገርበት ወይም ዳቦ በሚጋገርበት ቤት ደግሞ ጠበቅ ያለ ሊጥ አይጠፋም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ለእራት አልተባለም። አንድ ጭብጥ ሊጥ የሚጨምቁ ጣቶች በኋላ ቁልፍ የሚቆልፉና እርሳስ የሚይዙ ጣቶች ናቸው። ከእሳቱ ራቅ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

አብዛኛው ጨዋታ ግን ዕቃም ለብቻው የተለየ ጊዜም አይፈልግም። ገላ ሲታጠብ አፍንጫውንና ጆሮውን እየነኩ መጥራት፣ ልብስ ሲሰጣ አንዱን ካልሲ ይዞ ጓደኛውን ማስፈለግ፣ በመንገድ ላይ የታየችውን ዶሮ አብሮ ቆሞ ማየት፣ ሲቆም «ወፌ ቆመች» እያሉ ማጨብጨብ፤ ሁሉም ቅብብል ነው። አባቶችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። በእስራኤል በሩት ፌልድማን የተመራና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በእናቶች ከማቀፍና ከመደባበስ፣ በአባቶች ደግሞ ከሚያነቃቃ ጨዋታ ጋር ተያይዞ ከፍ እንደሚል አመልክቷል። ልጁን ወደ ላይ እያነሳ የሚያስቀው አባት ክብሩ አይጎድልም።

ባዶው ሲኒ

ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሲጠጋ አዲስ ነገር ይከሰታል። ባዶ ሲኒ አንስቶ የሚጠጣ ያስመስላል። የበቆሎ ቆሮቆንዳ ጆሮው ላይ ለጥፎ ስልክ ያወራል። ዱላ ይጋልባል። ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪ (1896–1934) ስለ ጨዋታ ሲያስተምር ምሳሌ ያደረገው ይህንኑ የዱላ ፈረስ ነበር። እንደ እርሱ አስተሳሰብ ልጁ «ፈረስ» የሚለውን ትርጉም ከእውነተኛው ፈረስ ነጥሎ በዱላ ላይ ሲያኖረው፣ ሐሳብን ከዕቃ መለየት ይጀምራል። በአልጀብራ «ኤክስ»ን ለማይታወቅ ቁጥር የምናቆመው ተማሪዎች የዚያው ችሎታ ባለ ዕዳ ነን ቢባል የተጋነነ አይሆንም። የእኛ አገር ልጆች ከፍ ሲሉ የሚጫወቱት ዕቃ ዕቃም ከዚሁ ምንጭ የሚቀዳ ነው፤ ቅጠሉ እንጀራ፣ ጭቃው ወጥ ይሆናል።

በዚህ ዕድሜ ሌላው ሰው ከእርሱ የተለየ ፍላጎት እንዳለውም ይገነዘባል። ቤቲ ሬፓኮሊ እና አሊሰን ጎፕኒክ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ሙከራ አንዲት ተመራማሪ ብስኩት ቀምሳ ፊቷን አኮሳተረች፤ ጥሬ ብሮኮሊ የተባለውን አትክልት ቀምሳ ግን ደስታዋን ገለጸች። ከዚያም እጇን ዘርግታ «ስጠኝ» አለች። የ14 ወር ሕፃናት ራሳቸው የሚወዱትን ብስኩት ሰጧት። የ18 ወሮቹ አትክልቱን ሰጧት። በጥሬ ጎመንና በብስኩት ቤት ውስጥ ሊሞከር ይችላል፤ የሚያስፈልገው ጎመኑን በደስታ የሚያኝክ ፈቃደኛ ሰው ብቻ ነው።

በማስመሰል ጨዋታ ጊዜ አዋቂዎች የሚፈጽሙት የተለመደ ነገር ጨዋታውን ወደ ፈተና መለወጥ ነው፦ «ይህ ምንድን ነው? ቀለሙስ? ስንት ናቸው?» ሕፃኑ ወዲያው ይሰለቻል። ጨዋታውን የሚመራው እርሱ ይሁን። ባዶ ሲኒ ካቀበለ ተቀብሎ መጠጣት፣ «ስኳሩ አነሰኝ» ማለት፣ ከዚያም ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ስኳሩን ፍለጋ ይሄዳል፤ ምን ይዞ እንደሚመለስ ግን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም።